የዘገመ ላፕቶፕ፦ ኤስኤስዲ፣ ራም፣ ፎርማት ወይስ ሌላ መግዛት?

ላፕቶፓቸው ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ቡና ተፈልቶ እንደሚጠጣ እያማረሩ ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ መፍትሔውን አስቀድመው ወስነዋል። አንዱ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ እንዲጫንለት «ፎርማት ይደረግልኝ» ይላል፤ ሌላዋ «ራም ልጨምር» ትላለች፤ ሦስተኛው ደግሞ ያለውን በርካሽ ሸጦ ሌላ ለመግዛት ዋጋ ሲጠያይቅ ሰንብቷል። ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ ቢሮ የኮምፒውተር ጥገና ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በእነዚህ ዓመታት ካየሁት የባከነ ገንዘብ አብዛኛው የወጣው ችግሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ ለተመረጠ መፍትሔ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብር ተሻግሯል። ላፕቶፕም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ፣ በእጅ ያለውን ማሻሻልና ሌላ መግዛትን ማመዛዘን ከቀድሞው የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኗል።

በመጀመሪያ የሚዘገየው የትኛው ነው?

ለዚህ ምርመራ የሚገዛ ነገር የለም። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ላፕቶፑን አጥፍተው ያስነሡት፣ ከዚያም ዘወትር የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ከፍተው በዚህ መስኮት ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚይዙት ጊዜያዊ ቦታ) እና ዲስክ (ፋይሎች የሚቀመጡበት) በሚሉት ዓምዶች ሥር ያሉትን የመቶኛ ቁጥሮች ለአሥር ደቂቃ ያህል ይከታተሉ። ዲስክ የሚለው 100 ላይ ተጣብቆ ሲፒዩ ከ20 ወይም ከ30 የማያልፍ ከሆነ ላፕቶፑን ስታክ የሚያደርገው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪው ከ85 በላይ ሆኖ ከቆየ ራም ጎድሏል። ሲፒዩው ራሱ ያለ ዕረፍት 100 ላይ ከዋለ ደግሞ ወይ ቫይረስ አለ፣ ወይ ማሽኑ በሙቀት ተጨንቋል፣ ወይም ፕሮሰሰሩ ለሥራው አቅም የለውም።

እዚያው መስኮት ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፍል ሲከፍቱ፣ በቅርብ ጊዜዎቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ላይ ዲስኩ ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ) ይሁን ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ፈጣኑ ዓይነት) ተጽፎ ያገኙታል። ሜሞሪ በሚለው ሥር ደግሞ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይታያል። እነዚህን ጽፈው ወይም በስልክ ፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ ሱቅ ሲሄዱም ይጠቅሙዎታል። ስታርትአፕ የሚለው ክፍል ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር ራሳቸው የሚከፈቱትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል፤ የማያስፈልጉትን ማገድ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ማሻሻያ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድመው ይሞክሩት።

ኤስኤስዲ፦ ሃርድ ዲስክ ላለው ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫ

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ ማንበቢያ ያለው ሜካኒካል ዕቃ ነው። በአሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሲሆን፣ ማንበቢያው የተፈለገው ቦታ ላይ ደርሶ ማንበብ እስኪጀምር በአማካይ ከ10 ሚሊሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህንኑ ሥራ በ0.1 ሚሊሴኮንድ ገደማ ያከናውናል። ዊንዶውስ ሲነሣ በዲስኩ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ማንበብ ስላለበት፣ በአንዱ ፋይል ላይ ኢምንት የሚመስለው ይህ ልዩነት ተደማምሮ ደቂቃዎችን ይበላል። ሻጮች ኤስኤስዲ «በሴኮንድ 550 ሜጋባይት ያነብባል» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ቁጥር የሚታየው አንድ ትልቅ ፊልም ሲገለበጥ ሲሆን፣ በየዕለቱ ሥራ ላይ እፎይታ የሚሰጠው ግን ፋይሉን ፈልጎ የማግኘት ፍጥነቱ ነው።

ይህን መለየት ገንዘብ ይቆጥባል። በገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ኤስኤስዲ ይቀርባል፤ እነርሱም በሃርድ ዲስኩ ቦታ ልክ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ፣ ማስቲካ የሚመስለው ኤም ዶት ቱ ሳታ፣ እና ቅርጹ ይህንኑ የሚመስለው ነገር ግን እስከ 3,500 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ በሴኮንድ ሊያነብብ የሚችለው ኤንቪኤምኢ ናቸው። ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ኢንተርኔት ለሚጠቀምና ሒሳብ ለሚሠራ ሰው በሳታና በኤንቪኤምኢ መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የሚታይ አይደለም። ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ መሸጋገር ግን ወዲያውኑ የሚታወቅ ለውጥ ያመጣል። አሮጌው ላፕቶፕ ሳታ ሁለት በተባለው የቀድሞ የዲስክ ማገናኛ መሥፈርት የተሠራ ሆኖ በሴኮንድ ከ300 ሜጋባይት በላይ ማሳለፍ ባይችል እንኳ፣ ፈልጎ የማግኘት ፍጥነቱ ስለማይቀርበት ኤስኤስዲ ቢገባለት ያዋጣል።

ኤም ዶት ቱ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች አንድ ነገር ማረጋገጥ አለባቸው። አንዳንድ ላፕቶፖች ማስገቢያው ኖሯቸው የሚቀበሉት የሳታውን ዓይነት ብቻ በመሆኑ፣ ኤንቪኤምኢ ቢገባባቸው ጨርሶ አያዩትም። ሁለቱን የሚለየው በብዛት የሚያጋጥመው ምልክት በኤስኤስዲው የመሰኪያ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ሳታው ሁለት ክፍተት፣ ኤንቪኤምኢው አንድ ክፍተት ይኖረዋል። እርግጠኛ መሆን የሚቻለው ግን የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በማየት ነው።

ስለ መጠኑ ከተጠየቅሁ 120 ጊጋባይቱን አልመክርም። ዊንዶውስ፣ ኦፊስና ጥቂት ፕሮግራሞች ገብተውበት ወራት ሳይቆይ ይሞላል፤ ሊሞላ የተቃረበ ኤስኤስዲ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለብዙ ሰው ይበቃል። ፊልምና ፎቶ በብዛት ለሚያስቀምጥ ሰው፣ ላፕቶፑ ዲቪዲ ማጫወቻ ካለው፣ ማጫወቻው ወጥቶ ካዲ በሚባል ማቀፊያ አማካይነት የድሮው ሃርድ ዲስክ በቦታው ሊገባ ይችላል። የካዲው ውፍረት 9.5 ወይም 12.7 ሚሊሜትር ስለሚሆን ከመግዛት በፊት ማጫወቻውን መለካት ያስፈልጋል።

ከፍጥነቱ ሌላ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚበጅ አንድ ጥቅም አለው። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ክዳኑን ብቻ ዘግተው ታክሲ የሚሳፈሩ ተማሪዎችና ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ እንቅልፍ ውስጥ ያልገባ ሃርድ ዲስክ በጉድጓድ መንገድ ላይ ሲነቀነቅ ማንበቢያው ሳህኑን ሊጭረው ይችላል። ኤስኤስዲ ከዚህ ሥጋት ነጻ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ሁለቱም ሊጎዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ያለው ሰው፣ ኤስኤስዲ ከገዛ በኋላ ቀጣዩ ወጪው ባትሪ ቢሆን ይሻላል።

ራም፦ መቼ ይቅደም፣ መቼ ይከተል

ራም ሲጎድል ዊንዶውስ ለጊዜው የማይጠቀምበትን መረጃ ወደ ዲስክ ያወርድና ሲፈለግ መልሶ ያነሣዋል። ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ይህ ማውረድና ማንሣት ማሽኑን ያስረዋል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ግን ዲስኩ 100 ላይ መድረሱን ብቻ ነው። የራም እጥረትና የዲስክ ዝግታ የሚምታቱት በዚህ ምክንያት ስለሆነ ሁለቱን ዓምዶች አንድ ላይ ማየት ግድ ይላል። ሜሞሪው 50 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ከሆነ ራም መጨመር ምንም አይለውጥም።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ባልደረባዬ ይህን በወጪዋ ነው የተማረችው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፗ 4 ጊጋባይት ራም ነበረው፤ ከፍላ ወደ 8 አስደረገችው። ብዙ ገጾችን ከፍታ ስትሠራ የነበረው መንቀራፈፍ ቀነሰላት፤ ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑ እስኪነሣ የምትጠብቀው ጊዜ ግን እንዳለ ቀረ። በኋላ ኤስኤስዲ ስናስገባለት ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው ወደ ግማሽ ደቂቃ ወረደ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ራሙ ላይ አትደርስም ነበር፤ ኤስኤስዲ ከገባ በኋላ የራም እጥረት ሕመሙ ይቀልላልና።

ራም መቅደም የሚገባው ማሽኑ 2 ጊጋባይት ብቻ ሲኖረው ወይም ቀድሞውኑ ኤስኤስዲ ኖሮት ሜሞሪው ዘወትር ሲሞላ ነው። 8 ጊጋባይት ለተለመደ ሥራ በቂ ነው። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም ስለማይችል፣ ራም ከመጨመር በፊት ወደ 64 ቢት መቀየር አለበት።

ራም ሲገዙ ስሙ የተቀራረበ ዕቃ እንዳያሳስትዎ ይጠንቀቁ። ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር 3 ኤል በ1.35 ቮልት፣ ዲዲአር 4 በ1.2 ቮልት ይሠራሉ። ዲዲአር 4 ቀዳዳው ስለሚለይ ከሌሎቹ ጋር አይምታታም፤ ዲዲአር 3 ግን ዲዲአር 3 ኤል በሚፈልግ ላፕቶፕ ውስጥ በትክክል ይገባና ማሽኑ አልነሣ ይላል። እንደ አራተኛው ትውልድ ኢንቴል ያሉ ላፕቶፖች ላይ ይህ ያጋጥማል። ያገለገለ ራም መግዛትን አልቃወምም፤ እንደ ዲስክ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ ዕቃ ስላልሆነ በራሱ በዊንዶውስ የሜሞሪ መፈተሻ አይቶ መውሰድ ይቻላል። ያገለገለ ኤስኤስዲ ግን ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው ስንት በመቶ እንደሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ሳያዩ አይግዙ።

ፎርማት፦ የሚጠቅመው ለማን ነው?

ሱቆች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያቀርቡት መፍትሔ ይህ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ላፕቶፑ በርግጥ ይፈጥናል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚተላለፍ፣ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት በሚቀይር ቫይረስ ለተወረረ ወይም ለዓመታት ፕሮግራም ሲጫንበትና ሲነቀልበት ለኖረ ማሽን ፎርማት ትክክለኛ ሕክምና ነው። ሃርድ ዲስኩ ስላረጀ ለዘገየ ማሽን ግን ሁለት ወር የማይሞላ እፎይታ ነው፤ ዊንዶውስ ዝማኔዎቹን አውርዶ ፕሮግራሞቹ ሲመለሱ ቀድሞ የነበረበት ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሚጠፋው መረጃ ነው። ባለሙያው ዴስክቶፕና ዶኩሜንትስ ላይ ያለውን ብቻ ገልብጦ ሊያልፍ ይችላል። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተሠሩ የድርጅት ፋይሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሲ ድራይቭ ላይ በራሱ በፕሮግራሙ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ፒችትሪ በሚሰጠው የባክአፕ ትዕዛዝ በፍላሽ ካልተቀመጡ የዓመት ልፋት ባንድ ከሰዓት ይጠፋል። ፓወር ግእዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ ቆየት ያሉ ሰነዶች ደግሞ ፋይሉ ቢተርፍም ፊደሉ እንደገና ካልተጫነ አይነበቡም። ስለዚህ ፎርማት ከማስደረግ በፊት የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ በወረቀት ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል።

ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ሲጫን አክቲቬተር የሚባለው መክፈቻ ፕሮግራም የቫይረስ መከላከያው እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ቫይረስ ይዞ ይገባል። ላፕቶፑ መጀመሪያውኑ ከፋብሪካ ከዊንዶውስ 8 ወይም 10 ጋር የመጣ ከሆነ የፈቃድ ቁልፉ በማዘርቦርዱ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ዲስኩ ቢቀየርም ያንኑ እትም በሕጋዊ መንገድ መልሶ መጫን ይቻላል። ባለሙያውን ይህን እንዲያይ ይጠይቁት።

ሊኑክስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ ኢንቴል ፕሮሰሰርን አይቀበልም። በዚህ መካከል ለወደቁ ማሽኖች ዊንዶውስን የሚተካው ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ እትሙ፣ ዝማኔው ያልተቋረጠ ነጻ አማራጭ ነው፤ 2 ጊጋባይት ራም ቢያንስ፣ 4 ጊጋባይት ቢመረጥ ይበቃዋል። አማርኛ መጻፊያም ይጫንበታል። ፒችትሪና ፓወር ግእዝ ግን በቀጥታ አይሠሩበትም፤ በዎርድ የተሰናዳ ሰነድም ዎርድን በሚተካው ሊብሬኦፊስ ሲከፈት ገጽ አቀማመጡ ሊዛባ ይችላል። ፕሮግራሚንግ ለሚማር ወይም ኢንተርኔት ብቻ ለሚጠቀም ሰው እመክረዋለሁ፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን አልመክርም።

አቧራና ሙቀት

የከተማችን መንገዶችና ሕንፃዎች እየተሠሩ ባሉበት በዚህ ጊዜ ማራገቢያው በአቧራ ያልታፈነ ላፕቶፕ እምብዛም አላይም። ከዚህም ጋር አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያባርረው ሙቀት በባሕር ጠረፍ ካለው ያነሰ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ሥራ ሲጀምር ደኅና የነበረና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚዘገይ ላፕቶፕ መጽዳትና ቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) መቀየር ይኖርበታል። በምትክ የተገዛውን ቻርጀር የማያውቁ አንዳንድ ላፕቶፖችም ፍጥነታቸውን ይገድባሉ፤ በኦሪጅናል ቻርጀር ሞክሮ ማወዳደር ቀላል ነው።

ሌላ መግዛት መቼ ያዋጣል?

ማሻሻል የማይቻልባቸው ላፕቶፖች አሉ። ማከማቻቸው ኢኤምኤምሲ የተባለና በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ራማቸውም እንዲሁ 2 ወይም 4 ጊጋባይት ሆኖ የተበየደ፣ ፕሮሰሰራቸው ደካማ ሴለሮን ወይም አተም የሆነ ትናንሽ ላፕቶፖች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለእነዚህ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም በአርኪካድና በመሰል የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰውም በሦስተኛ ትውልድ ማሽን ላይ ኤስኤስዲ ቢያስገባ ፕሮግራሙ ቶሎ ይከፈትለታል እንጂ ሥራው ቶሎ አያልቅለትም።

መግዛት ካልቀረ፣ ስላሽ ከሚባሉት ከውጭ ተጠቅመውባቸው ከሚመጡ ላፕቶፖች መካከል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነውን መምረጥ ይገባል። የኢንቴል ትውልድ ከስሙ ይነበባል፤ አይ 5 4210 ዩ አራተኛ፣ አይ 5 8250 ዩ ስምንተኛ ነው። «ኮር አይ 7 ነው» የሚል ማስታወቂያ ትውልዱን ካልጠቀሰ ምንም አልነገረዎትም፤ የስምንተኛ ትውልድ አይ 5 የሦስተኛውን አይ 7 ላፕቶፕ በአብዛኛው ይበልጠዋል።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ

ፒያሳ፣ ሜክሲኮም ሆነ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ዕቃውን ሲገዙ፣ ኤስኤስዲውን የሚያስገባው ባለሙያ እርስዎ ባሉበት እንዲሠራ ይጠይቁ፤ ሥራው ብሎን ፈትቶ ከማስገባት ስለማያልፍ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ አይወስድም። አንድ ወዳጄ ላፕቶፑን አንድ ሱቅ አሳድሮ 8 ጊጋባይት የነበረው ራም 4 ሆኖ ተመልሶለታል፤ ቀድሞ ያነሣው ፎቶ ስላልነበረው ማስረዳት አልቻለም። ቅድም እንዲጻፍ የመከርኩት መረጃ የሚያገለግለው ለዚህም ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ሕንፃዎች በፈረሱበት ጊዜ ብዙ ሱቆች ቦታ ስለቀየሩ፣ በደረሰኙ ላይ የዋስትናው ጊዜ፣ የዕቃው ሴሪያል ቁጥርና የባለቤቱ ስልክ መጻፉን ያረጋግጡ።

የድሮውን ዲስክ ወደ ኤስኤስዲው እንዳለ መገልበጥ ወይም ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ሁለቱም ይቻላል። ማሽኑ ቫይረስ ከሌለበትና ፒችትሪን የመሰሉ መልሶ ለመጫን የሚያስቸግሩ ፕሮግራሞች ካሉት መገልበጡን እመርጣለሁ፤ ባትሪው ሞልቶ ወይም ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ ይሁን፣ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማልና። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ከሁሉ በፊት አስፈላጊ ፋይሎችዎን ብቻ ያውጡ፤ ሙሉ ግልበጣው ራሱ ሊጨርሰው ይችላል። የወጣውን ሃርድ ዲስክ አይሽጡት፣ ፎርማትም አያድርጉት፤ የተረሳ ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው የወር መጨረሻ ሪፖርት ሲፈለግ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ወር እንዳለ ያቆዩት።